«ቤታችንን ሸጠን ለእናታችን የአልዛይመር መርፌ እናስወጋ?» የነርቭ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት፤ ለስኳሩ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነገር ትደጋግማለች። ቡና ምጣድ ላይ ጥላ ትረሳውና ያርራል። ባለፈው ኅዳር ጽዮን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ጠፍቷት ሰው ነው ያመጣት። ከሞተ ዓመታት የሆነውን ወንድሟን ‹የት ሄደ?› ትለኛለች። ሐኪም ቤት ወስጃት ‹እርጅና ነው› አሉኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ አልዛይመርን የሚያቆም መርፌ ወጥቷል፣ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤት ሸጠን ውጭ እናሳክማት ይላል። እውነት ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት ተፈልጎስ እንዴት መድኃኒት ይጠፋል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ቤቱን አትሽጡ። ወንድምሽ አልዋሸም፤ መርፌው አለ። «የሚያቆም» ያለው ግን ትክክል አይደለም። ደግሞም የእናትሽ ሕመም አልዛይመር ነው ያለ ሐኪም እስካሁን የለም። ገምታችሁ ነው።

«እርጅና ነው» የሚለውንም መልስ አልቀበለውም። ሰው ሲያረጅ የሰው ስም ይጠፋዋል። መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ይረሳና ቆይቶ ትዝ ይለዋል። ዕድሜ ልኩን የተመላለሰበት መንገድ ግን አይጠፋውም። ያ ከሆነ በሽታ አለ። የትኛው በሽታ እንደሆነ መፈለግ ደግሞ የኛ የሐኪሞቹ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከአልዛይመር ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው ሌላ ነው። አልዛይመር መስሎ የሚመጣ፣ ሲታከም ግን የሚመለስ ችግርም አለ። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ መርፌውን እንጨርስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሁለት ናቸው፤ ሌካኔማብና ዶናኔማብ ይባላሉ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሙሉ ፈቃድ ያገኘው በ2023፣ ሁለተኛው በ2024 ነው። በዋና ጥናቶቻቸው ሁለቱም የተሰጡት በደም ሥር እየተንጠባጠቡ ነው። የሚሠሩት አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በማጽዳት ነው። ማጽዳቱን በእርግጥ ያጸዳሉ። በምስል ይታያል።

የታማሚው ሕይወት ላይስ? ሌካኔማብ በ1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወር ተሞክሯል። የሕመሙ ክብደት የተለካው እስከ 18 ነጥብ በሚደርስ መለኪያ ነበር፤ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ሕመሙ ብሷል ማለት ነው። መድኃኒቱን ያልወሰዱት በአማካይ 1.66 ነጥብ ባሰባቸው። የወሰዱት 1.21 ባሰባቸው። ልዩነቱ 0.45 ነው። ወንድምሽ «በ27 በመቶ» የሚል ዜና አይቶ ከሆነ ያ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ልብ በይ፣ ሁለቱም ወገን ቁልቁል ነው የወረደው። አንደኛው ቀስ ብሎ ወረደ እንጂ የዳነ ወገን የለም። ይቺን ልዩነት ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ሊያስተውላት ይችላል ወይ በሚለው ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

ጉዳቱም አለ። በዚያው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶ የሚሆኑት ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል ምስል የታየ የአንጎል እብጠት ነበራቸው። ካልወሰዱት 1.7 በመቶው ብቻ። አብዛኛው ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። አንዳንዱ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈሰዋል፤ በዚህ ዓይነት መድኃኒት የሞቱ ሰዎችም አሉ። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ኤምአርአይ ደጋግሞ የሚነሳው። ከመጀመሩ በፊትም አሚሎይድ መኖሩ በልዩ የአንጎል ምስል ወይም ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ መረጋገጥ አለበት። ሌካኔማብ ገበያ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። የመድኃኒቱ ብቻ ነው። ምርመራው፣ አልጋው፣ አውሮፕላኑ ሌላ።

ደግሞ የሚሰጠው ሕመሙ ገና ጅምር ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። መንገድ የጠፋቸውና የወንድማቸውን ሞት የረሱት እናትሽ ያንን ደረጃ አልፈው ሊሆን ይችላል። ሳላያቸው መፍረድ አልችልም። በሁለቱም መድኃኒቶች ዋና ጥናት ውስጥ ጥቁር ተሳታፊዎች ከ5 በመቶ በታች እንደነበሩም እወቂ። ናይጄሪያ ኢባዳን ላይ ለብዙ ዓመታት የተካሄደ ጥናት፣ በሌላው ዓለም ለአልዛይመር ዋነኛ ተጋላጭነት የሚቆጠረው ዘረመል (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) በዮሩባ ብሔረሰብ አረጋውያን ላይ ደከም ያለ መሆኑን አሳይቷል። የመርፌዎቹን ጥናት ውጤት እንዳለ ወስዶ መንዝ ላይ መለጠፍ አይቻልም ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ከለመደው ቤት፣ ከለመደው ቋንቋና ከጎረቤቱ ነቅለሽ ስትወስጂው ብዙ ጊዜ ግራ መጋባቱ ይብስበታል። ይሄ ዋጋ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ እንዴት መድኃኒት ይጠፋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ይሄን በሽታ ለሙያ ጓደኞቹ ያቀረበው በ1906 ነው። በሞተች ታካሚው አንጎል ውስጥ ሁለት ነገር አየ። አንዱ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው፤ አሚሎይድ የምንለው እሱ ነው። ሌላው ሴሎቹ ውስጥ የተተበተበ ክር ነው፤ እሱን ዛሬ ታው እንለዋለን። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የምንከራከረው በነዚሁ በሁለቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ወደ ሥሩ አልሄዱም። አሴቲልኮሊን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ በሕመሙ እንደሚቀንስ ታወቀና እሱን የሚያቆይ መድኃኒት ተሠራ። ታክሪን በ1993 ወጣ፤ ጉበት እየጎዳ ቀረ። ዶኔፔዚል በ1996 መጣ። በሌላ መንገድ የሚሠራው ሜማንቲን አሜሪካ የገባው በ2003 ነው። እነዚህ ምልክቱን ያቃልላሉ እንጂ በሽታውን አይነኩትም። ከዚያ በኋላ እስከ 2021 አዲስ ዓይነት መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ አልጸደቀም። ሥራ ፈትተው አይደለም። ከ2002 እስከ 2012 ብቻ 244 ውህዶች በ413 ሙከራዎች ታይተዋል። ያለፈው አንድ ነው። ከ100 ውህድ 99 እጅ በላይ ወደቀ ማለት ነው። ካንሰር እንኳ እንዲህ አልጨከነም።

አብዛኛው ገንዘብ የፈሰሰው አሚሎይድ ላይ ነው። ምክንያት ነበረው። አሚሎይድ የሚሠራበት ዘረመል ያለው 21ኛው ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የሚሸከም ክር) ላይ ነው፤ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ያ ክሮሞዞም ሦስት ስለሆነላቸው በጎልማሳነታቸው አልዛይመር በብዛት ይይዛቸዋል። በ40 እና በ50 ዓመታቸው የሚታመሙ ቤተሰቦችም ላይ የተገኘው የዘረመል ስህተት ከዚሁ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በ1992 «መነሻው አሚሎይድ ነው፣ ሌላው ተከታይ ነው» የሚል መላምት በይፋ ተጻፈ። ሁሉም ተከተለው።

ከዚያ የሆነውን ስሚ። በአሚሎይድ ላይ የሚሰጥ ክትባት ተሠራ፤ ከተከተቡት 6 በመቶ ገደማ አንጎላቸው ስለቆጣ በ2002 ቆመ። ምርቱን ከምንጩ የሚቀንስ ሴማጋሴስታት የተባለ ክኒን መጣ፤ የወሰዱት ካልወሰዱት ባሰባቸውና በ2010 ተቋረጠ። ባፒኑዙማብና ሶላኔዙማብ የተባሉ ሁለት መርፌዎች በ2012 ወደቁ። በኋላ ሲጣራ ግማሹ ጉድ ወጣ፦ በነዚያ ሙከራዎች ከገቡት ሰዎች ሩብ ያህሉ አንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ አልነበረም። ለሌለበት በሽታ ነበር የታከሙት። ሀብታም አገር፣ ምርጥ ሐኪም፣ ያም ሆኖ ምርመራው ተሳስቷል። «እናቴን አልዛይመር ይዟታል» ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት ይቺን አስታውሺ።

አይጥም አሳስቷል። አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይይዛትም። የሰው ዘረመል አስገብተው አሚሎይድ ያጠራቅሙባታል። አይጧ ትድናለች፣ ሰው አይድንም።

ትልቁ ችግር ግን ጊዜው ነው። አሚሎይድ መጠራቀም የሚጀምረው መርሳቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የመንዝ ልጅ ነሽና ይገባሻል፦ ባቄላው ጠቁሮ የምታዪው ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ውርጩ የመታው ግን ሌሊት ነው። እኛ የምንደርሰው ጠዋት ነው። የሞተ የነርቭ ሴል አይመለስም። «እንግዲያው ሌሊቱን እንድረስበት» ብለው ገና ያልታመሙ፣ ግን አሚሎይድ የተገኘባቸው ሰዎች ላይ ሶላኔዙማብን ሞከሩ። እሱም በ2023 አልሠራም ተባለ።

በመሐል ደግሞ አዱካኑማብ መጣ። ሙከራው በመጋቢት 2019 ተስፋ የለውም ተብሎ ቆመ። ከዚያ ኩባንያው ቁጥሩን እንደገና አይቶ ይሠራል አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎቹ አይሆንም እያሉት በሰኔ 2021 አጸደቀው። 3 አማካሪዎች ተቆጥተው ለቀቁ። ዋጋው መጀመሪያ በዓመት 56,000 ዶላር ነበር። በጥር 2024 ኩባንያው ራሱ እንደሚያቋርጠው አስታወቀ። በዚያው ዓመት አንድ የ2006 ታዋቂ የአሚሎይድ ጥናት ምስሎቹ ተነካክተዋል ተብሎ ከታተመበት መጽሔት ተሰረዘ። «ታዲያ ነገሩ ሁሉ ውሸት ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። መላምቱ በዚያ አንድ ጥናት ላይ አልቆመም። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አሚሎይድ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው። ሽማግሌ አንጎል ውስጥ ብቻውን አይገኝም። በደም ግፊት የተጎዱ ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉ፣ ታው አለ፣ ሌላም አለ። አንዱን ጠርገሽ ሌሎቹን ትተሽ ብዙ ለውጥ መጠበቅ ይከብዳል። በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ብዙ የተወራለት የስኳርና የክብደት መድኃኒት ሴማግሉታይድ በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች የአልዛይመርን ጉዞ ማዘግየት አልቻለም።

ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ዜና የመጣው ከላቦራቶሪ አይደለም። ከቻይና ገጠር ነው። 326 መንደሮች ውስጥ ወደ 34,000 የሚጠጉ የደም ግፊት ሕሙማንን ለ4 ዓመት ተከታተሉ። በግማሾቹ መንደሮች የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ግፊት እየለካ፣ ርካሽ መድኃኒት እያስተካከለ፣ ሰው ክኒኑን እንዳያቋርጥ እየመከረ ቆየ። በነዚያ መንደሮች የመርሳት በሽታ 15 በመቶ ቀነሰ። በ2025 ነው የታተመው። ጤና ኤክስቴንሽን ባለባት አገር ይሄ ወሬ ከመርፌው በላይ መወራት ነበረበት።

እንግዲህ ወደ እናትሽ። ደም ግፊት አለባት ብለሻል። በየቀኑ ይወስዳሉ ወይስ «ሲያመኝ ብቻ»? እዚህ ደብረ ብርሃን የማያቸው አብዛኞቹ የመንዝና የተጉለት እናቶች «ሲያመኝ» ነው የሚሉኝ። ግፊት ግን አያምም። ዝም ብሎ ይሠራል። መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። በሽታው የጀመረ ቢሆንም የቀረውን አንጎል ከስትሮክ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ቫይታሚን ቢ12 ይለካ። ይሄን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ እሱ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ይቀንሳል። እናትሽ እንደ አገራችን እናቶች ጾሙን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ፣ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ ከሁለት ወገን ነው የሚጎድልባቸው። የቢ12 እጥረት ሰው ያስረሳል፣ እግር ያደነዝዛል፣ ያንገዳግዳል። ሕክምናው ርካሽ መርፌ ነው። ቤት የማያሸጥ መርፌ! ጾሙን ተዉ አልልም፤ የንስሐ አባታቸውን አማክሩ፣ ለታማሚ መፍትሔ አላቸው።

የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንም ይታይ፤ ሲያንስ ሰውን ያፈዛል። ኤችአይቪና ቂጥኝ ይመርመሩ፤ በዕድሜያቸው አትፈሪ፣ የተለመደ ምርመራ ነው። ባለፉት ወራት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ያውቃሉ? ሽማግሌ ሰው ቀላል በሚመስል መውደቅ አንጎሉ ላይ ደም ሊቋጥርና ከሳምንታት በኋላ ሊዘባርቅ ይችላል። ሲቲ ስካን ያሳየዋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ጭንቀትና ሐዘንም መርሳት ይመስላሉ። ጆሯቸውንም አስመርምሪ። ያልሰማውን ሰው «ረሳ» የምንልበት ቀን ብዙ ነው።

እናትሽን ይዘሽ ወደ እኔ ስትመጪ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ። ባዶ ብልቃጡንም ሳይቀር። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረግፈው አንዳንዴ በሽታው እዚያው ይገኛል። ለእንቅልፍ ወይም ለእግር ማቃጠል የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋን ተብሎ የተገዛ እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ፣ ሁለቱም አሴቲልኮሊንን ይቃወማሉ። አንጎሉ በደከመ ሰው ላይ ያደናግራሉ። ግን በራስሽ አታቋርጪ።

ምርመራው ራሱ እናትሽን ያሳስባቸው ይሆናል። አያስፈራም። ውጭ የተዘጋጁት የማስታወስ ፈተናዎች ሰዓት ሣሉ፣ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ይላሉ። ፊደል ላልቆጠረች እናት ያ ፈተናው ትምህርትን እንጂ ማስታወስን አይለካም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ የእንሳሮ አባት ቀኑን ብጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አስቋቸው «አቦ ነዋ!» አሉኝ። ወሩ በገባ በ5 ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አያውቁትም፤ ቀኑ ግን አልጠፋቸውም። እኔም እናትሽን የምጠይቀው ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ፣ የትኛው ጾም ላይ እንደሆንን፣ ማኅበሩ የማን ተራ እንደሆነ ነው። አንቺንም ለብቻሽ አነጋግርሻለሁ። ከወረቀቱ ይልቅ የምታመጪው ወሬ ይበልጣል፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በድንገት ወይስ ቀስ በቀስ፣ ሌሊት ይቃዣሉ ወይ።

ይሄ ሁሉ ተጣርቶ አልዛይመር ነው ከተባለ ዶኔፔዚል እንሞክራለን። ከማታ 5 ሚሊግራም ይጀመራል፤ የልብ ምታቸው ቀርፋፋ አለመሆኑ አስቀድሞ ይታያል። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይነቃቃል፣ ሌላው ለውጥ የለውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ካልጠቀመ ገንዘባችሁን አላስጨርስም። «አእምሮ ያድሳል» ተብሎ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚሸጠውን ሁሉ እርሺው። ከመካከላቸው ስመ ጥሩ ጊንኮ እንኳ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን አልከላከለም። ሌሊት አስቸገሩ ብለሽም የእብደት መድኃኒት ይታዘዝላቸው አትበዪ፤ የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞትን ይጨምራል። የግድ ካልሆነ አይሰጥም።

ጠበልስ? ጻድቃኔ ማርያም መውሰድ ታስቢ ይሆናል። ውሰጃቸው። ብቻ ክኒኑ አይቋረጥ፣ ብቻቸውን አትልቀቂያቸው፣ በሌሊት ብርድ እርጥብ ልብስ ለብሰው አይቆዩ።

ስለ ወንድማቸው ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ? ብዙ ቤተሰብ «ሞቷል እኮ፣ ቀብረነዋል!» ይላል። እሳቸው ግን የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያለቅሳሉ፣ ደረት ይመታሉ። ነገ ደግሞ ረስተው ይጠይቃሉ። በየቀኑ መርዶ አታርጂያቸው። «ምን አስታወሰሽ? እስቲ ስለሱ ንገሪኝ» በያቸው። ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ያድራሉ። መዋሸት አይደለም፤ የጠየቁት ናፍቀውት ነውና ናፍቆቱን ነው የምትመልሺው። እኔ ለቤተሰብ ከምሰጠው ምክር ሁሉ ቶሎ ፍሬ የሚያሳየው ይሄ ነው።

ከማኅበሩ አታስቀሯቸው። ጽዋው ሲደርስ አንቺ ደግሺና እሳቸው ይቀመጡ። በነጠላቸው ጥለት ውስጥ ስልክ ቁጥርሽን ስፊበት። ምድጃ ዳር ብቻቸውን አይሁኑ። የቤቱን ጉዳይ፣ ውክልናና ኑዛዜ የመሳሰለውን፣ አሁን ፈቃዳቸውን በደንብ መናገር በሚችሉበት ጊዜ ከሁሉም ልጆች ጋር ተነጋገሩበት። ቆይቶ ለክርክር ይዳርጋል።

ለወንድምሽ ይሄን አሳዪው። መርዳት ፈልጎ ነው፣ አትቆጪው። መላክ ከፈለገ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይላክ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን፣ ያ በቀላሉ ይስታል። ጆሯቸው ተመርምሮ ማነሱ ከተረጋገጠ ደግሞ የመስሚያ መሣሪያውን ከነባትሪው እሱ ይግዛ። ለደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ለላቦራቶሪ የሚሆነውንም ይጨምርበት። ከመምጣትሽ በፊት ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ግፊታቸውን እየለካሽ ደብተር ላይ ጻፊና ከፌስታሉ ጋር ይዘሽው ነይ።